ፍሬን አታስነኩት

ወንድሜ ከሠራዊቱ የተሰናበተ ዕለት ወደ ቤቴ ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣ፣ አንድ የመሣሪያ ሳጥንና አንድ ወረቀት ነበር። ሻንጣውን አልጋ ሥር ከተተው። ሳጥኑን ከበሩ ጀርባ አስቀመጠው። ወረቀቱን ግን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት በእጁ እንደያዘ ቆመ። ወዲያ ሲል ወዲህ ሲል ቆይቶ ለእኔ ሰጠኝ።

«አንቺ ያዥልኝ» አለ። «እኔ ጋ ከሆነ እቀደዋለሁ።»

አነበብኩት። አሥራ አራት ዓመት በተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ማገልገሉን በአንድ መስመር ይልና፣ ቀጥሎ ባለው መስመር «በከባድ የሥራ ቸልተኝነት ምክንያት ከሠራዊቱ ተሰናብቷል» ይላል። አሥራ አራቱም ዓመት፣ ቸልተኝነቱም እኩል አንድ አንድ መስመር ነው የደረሳቸው። ከሥር ማኅተም አለ። ከማኅተሙ ጎን የአለቃው የሻምበሉ ፊርማ አለ።

ወንድሜን የሚያውቅ ሰው «ቸልተኛ» የሚለውን ቃል ከእሱ ጋር ሊያዛምደው አይችልም። ቤት ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቅ ሰው ነው። መንገድ ዳር ቆመን እያወራን የጭነት መኪና ሲያልፍ ወሬውን ያቋርጥና ጆሮውን ያቆማል። «የዚህኛው የፍሬን ሸራ አልቋል፤ ብረት ከብረት ነው የሚፋጨው» ይላል። ባለቤቴ፣ «ሰርግ ላይ ሰው ሙሽራዋን ያያል፣ ያንቺ ወንድም ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ጎማ ያያል» እያለ ይስቅበት ነበር። እሱ አይቀየምም። «ሙሽራዋን የሚያያት ሞልቷል፤ ጎማውን ማን ያየዋል?» ብሎ ይመልስለታል።

ሻምበሉም ባዕድ አልነበረም። ሲሠለጥኑ አንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ጥበቃውን ሸፍኖለታል። ኋላ ሻምበሉ ትምህርቱን ገፍቶ መኮንን ሆነ። ወንድሜ ከዘይቱና ከብረቱ ጋር ቀርቶ ሃምሳ አለቃ ደረሰ። ሰው ፊት «ጌታዬ» ይለዋል እንጂ ለብቻቸው ሲሆኑ «አንተ» ነበር የሚባባሉት። እኛ ቤት ሲመጣ ልጆቼ «አጎቴ» እያሉ አንገቱ ላይ ይጠመጠማሉ።

ነገሩ የመጣው በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ወንድሜ ሲመረምረው የኋላ ፍሬኑ ሸራ ሳስቷል፤ የዘይት ቱቦው ያንጠባጥባል። መለዋወጫ የለም። በመቆጣጠሪያ መዝገቡ ላይ «ፍሬኑ እስኪጠገን ከግቢ እንዳይወጣ» ብሎ ጽፎ ፈረመ፤ ቁልፉንም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። በማግስቱ ለአንድ ስምሪት መኪና ጎደለ። ሻምበሉ ቁልፉን አስወጣ።

ወንድሜ መኪናው ፊት ቆመ። አጠገባቸው ሾፌሩ ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይህ መኪና መውጣት የለበትም።»

«ለአንድ ቀን ምን ይሆናል? ቀስ ብሎ ይነዳዋል።»

«መዝገቡ ላይ ጽፌያለሁ እኮ።»

«ከጻፍክ ያንተ ሥራ አልቋል። ዞር በል» አለው ሻምበሉ።

ዞር አለ። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሁለት ወታደሮች ሞቱ። ሾፌሩ ነፍሱ ተርፋ አንድ እግሩን አጣ። ኋላ ሲጠየቅ «ከአደጋው በፊት የነበረውን አላስታውስም» አለ። አልፈርድበትም፤ የጡረታ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል።

ከአደጋው በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሻምበሉ እኛ ቤት መጣ። ወንድሜ ለዕረፍት እኔ ጋ ነበር። ሻምበሉ የደንብ ልብስ አልለበሰም። ልጆቹን ወደ ደጅ አስወጥቼ ሻይ ቀዳሁለት፤ አልነካውም።

«አጣሪዎቹ ሰኞ ይመጣሉ» አለ። «ያ የጻፍክበት ቅጠል መዝገቡ ላይ ከተገኘ እኔ አለቀልኝ። እስር ቤት ነው የምገባው። አራት ልጅ አለኝ።»

«ቅጠሉ አለ እኮ» አለ ወንድሜ። «እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

«የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም?»

«የለም አልኩህ። አንተ ‹መኪናውን መመርመርም፣ መመዝገብም ረሳሁ› ብለህ ትፈርማለህ። ተራ ስህተት ነው። አጣሪው ዞሮ ዞሮ አስተያየት የሚጠይቀው እኔን ነው። በማስጠንቀቂያ ይታለፍ እላለሁ፤ በወር ውስጥ ይረሳል። በእኔ ላይ ከመጣ ግን ክፍሉ በሙሉ ይፈርሳል፤ አንተም አትተርፍም።»

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ እስቲ አንቺ ንገሪው። እኔ እሱን የምጥለው ይመስልሻል?»

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ አልደብቀውም። «ጋሼ፣ ፈርምለት እንጂ» አልኩት። «ሻምበል አይጥልህም። የልጆቹን ነገር አስብ።» ስለ ልጆቹ ያልኩት ከልቤ ነው። ግን ሌላም ነገር ነበረበት። መኮንን ከቤቴ ሲወጣና ሲገባ ጎረቤት የሚያየኝ ዓይን ደስ ይለኝ ነበር። ያ ዓይን እንዳይቀርብኝ ነው የፈራሁት።

ፈረመ። ወረቀቱ ከሻምበሉ ኪስ በአራት ታጥፎ ወጣ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ ሊለምን የመጣ ሰው ወረቀቱን አስተይቦ አይመጣም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል። ሞፈሩ የተቆረጠው ከእኔ ደጃፍ ነው፤ መጥረቢያውንም ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ወንድሜ ተሰናበተ። ሻምበሉ ስልኩን ማንሳት ተወ። አንድ ቀን ሲሳሳት አነሳውና፣ «ከበላይ መጥቶ ነው፣ እጄን አስረውኝ ነው» አለ። ቀጥሎም «ሥራ በምትጠይቅበት ሁሉ እኔን ምስክር አድርገህ ጻፍ። ስልኬን ስጣቸው። የማውቀውን ሁሉ እናገርልሃለሁ» አለው። ወንድሜ ይህችን ቃል ያዘ። «ቢያንስ ይህን አይነሳኝም» ይል ነበር።

መጀመሪያ የጠራው አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ባለቤቴ፣ «ሳይጠይቁህ አትቀባጥር። በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ በል፤ ማን ሊያጣራ ነው?» ብሎ መከረው። እንደተመከረው ተናገረ። ጠያቂው ደስ ብሎት እጁን ጨበጠውና፣ «በቃ፣ ሰኞ የስንብት ደብዳቤዎን ይዘው ይምጡና ሥራ ይጀምራሉ» አለው። ወንድሜ አመስግኖ ወጣ፤ ሰኞ አልሄደም። ቤት ገብቶ፣ «አፌና ወረቀቴ ተጣልተው እኔ መሃል ቀረሁ» አለን። ባለቤቴ ሊስቅ ብሎ ተወው።

ሰባት ወር የጎረቤት ውሃ መሳቢያና የወፍጮ ሞተር ሲጠጋግን ከረመ። ከዚያ የአንድ አውቶቡስ ድርጅት ማስታወቂያ ወጣ፤ የፍሬንና የደህንነት ተቆጣጣሪ ይፈልጋሉ። አውቶቡሶቹ ጠዋት ከግቢ ከመውጣታቸው በፊት መርምሮ «ይውጣ» ወይም «ይቁም» ብሎ የሚፈርም ሰው ማለት ነው።

«በዚህኛው እውነቱን ነው የምናገረው» አለ ወንድሜ።

«እውነት ተናግሮ ሥራ ያገኘ ሰው ታውቃለህ?» አለው ባለቤቴ።

«ዋሽቼም አላገኘሁ። ሁለቱንም መሞከር ነው።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስቶ ስለነበር ኮቱን ከጎንና ከጎን እያጠበብኩለት፣ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ ጠያቂ መሰልኩ። «ከሠራዊቱ ለምን ወጡ?» እለዋለሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ከድንኳኑ ጀመረና ግማሽ ሰዓት ፈጀ። «ጋሼ፣ ይሄ አቤቱታ ነው እንጂ መልስ አይደለም» አልኩት። በሁለተኛው ሻምበሉን ብቻ ሰደበ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ አሳጠረው። ወረቀቱ ምን እንደሚል፣ የሆነው ምን እንደሆነ፣ የእሱ ጥፋት የቱ እንደሆነ።

«የእኔ ጥፋት ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ መፈረሜ ነው» አለ። እኔ እጅጌው ላይ እንዳቀረቀርኩ ቀረሁ። ስለ አስፈራሚዋ አንድም ቃል አልወጣውም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁትም። ግማሹን እሱ ነገረኝ፤ ግማሹን ኋላ የአውቶቡስ ድርጅቱ የጋራዥ ኃላፊ አጫወተኝ።

ቢሮው ከጋራዡ በላይ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ወደ ግቢው ያያል፤ ከታች የሚነሳ ሞተር ባለ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ለአመልካች የተቀመጠው ወንበር ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ የሰው ሃብት ኃላፊዋ፣ አንዱ የጋራዡ ኃላፊ። ሠራተኛው የጋራዡን ኃላፊ በሌለበት «ዘጠኝ ጣቱ» ይለዋል፤ አሥረኛዋን የሞተር ማራገቢያ ወስዶበታል። እሱም እንደሚባል ያውቃል፤ «አሥር ጣት ያላቸው ሥራ ያልነኩ ናቸው» ይላል።

«ምን ብዬ ልጥራዎት?» አለች ኃላፊዋ። «ማመልከቻው ላይ ማዕረግ አልጻፉም።»

«ማዕረጉን መልሻለሁ። መካኒክ ቢሉኝ ይበቃል።»

«እሺ። ከሠራዊቱ ለምን…»

ጥያቄው ሳያልቅ ወረቀቱን ከፖስታው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «መጀመሪያ ይህን ያንብቡት» አለ። «ከእኔ ከሰሙ በኋላ ከሚያገኙት፣ አሁን ቢያዩት ይሻላል።»

አነበበች። ለዘጠኝ ጣቱ አቀበለችው። ወንድሜ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተናገረ፤ መኪናውን፣ መዝገቡን፣ ቁልፉን፣ ሁለቱን የሞቱ ልጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት የፈረመውን። ከአምስት ደቂቃ አላለፈም። ሻምበሉን አልሰደበም።

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «እንግዲህ ወይ ወረቀቱ ዋሽቷል፣ ወይ እርስዎ ሲፈርሙ ዋሽተዋል።»

«ስፈርም ዋሽቻለሁ። ወረቀቱ የእኔን ውሸት ነው የደገመው።»

«እኛ የምንፈልገው እኮ ፊርማው የሚታመን ሰው ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ፊርማዬን ለወዳጅነት ሰጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ያየ ሰው ሁለተኛ አይሰጥም።»

ዘጠኝ ጣቱ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቁልፉን ሲያስወጣ ቆመህ ከምታይ፣ ለምን ጎማውን አላስተነፈስከውም?»

«በየቀኑ ራሴን የምጠይቀው ይሄንኑ ነው» አለ ወንድሜ። «ትእዛዝ ነው ብዬ ነው። ዛሬ ቢሆን አስተነፍሰው ነበር።»

«ተነስ፣ ወደ ታች እንውረድ» አለው ዘጠኝ ጣቱ።

ግቢው ውስጥ ሦስት አውቶቡሶች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንዱ ብልሽት እንዳለበት ይታወቃል፤ ለፈተና ነው የቆመው። ወንድሜ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። አንድ ሾፌር ፍሬን እንዲረግጥ እያደረገ ከሥር ገብቶ አዳመጠ፣ በእጁ ዳሰሰ፣ ወጣ። «የሁለተኛው የግራ የኋላ ፍሬን አየር ያስወጣል» አለ። ልክ ነበር። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሄደ፤ ትንሽ ወደ ፊት እንዲነዳና እንዲያቆም አደረገው። «ይሄም መቆም አለበት። ሲረገጥ ወደ ቀኝ ይስባል።»

«እሱ እኮ ትናንት ተመርምሮ ተፈርሞበታል» አለ ዘጠኝ ጣቱ።

«የፈረመው ሰው ከሥር አልገባም።»

ዘጠኝ ጣቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሲወጣ ልብሱን አራግፎ ወንድሜን ትከሻውን መታ አደረገው። ወንድሜ ደረጃውን ሲወጣ ሥራውን ያገኘ መስሎት ነበር። «ያን ደረጃ ስወጣ ሰባት ወር ሙሉ ያልተነፈስኩትን ትንፋሽ ተነፈስኩ» ነው ያለኝ።

ኃላፊዋ ማመልከቻውን ይዛ ጠበቀቻቸው። «ምስክር ብለው የጻፉት ሻምበል፣ አሁን የነገሩኝ ሰው ራሱ ነው?»

«አዎ።»

«የበደለዎትን ሰው ምስክር ያደርጋሉ?»

«ቃል ሰጥቶኛል።»

እዚያው ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። ሻምበሉ አነሳ። ማን እንደሆነች፣ ስለ ማን እንደምትጠይቅ ነገረችው።

«እ፣ እሱ! አጠገብሽ ነው?» አለ ሻምበሉ።

ወንድሜን አየት አደረገችውና «የለም» አለች።

ሻምበሉ በረጅሙ ተነፈሰ። «ለእኔ ወንድሜ ማለት ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን ከአደጋው በኋላ ጭንቅላቱ ልክ አይደለም። የራሱን ጥፋት በሰው ላይ ማላከክ ጀምሯል፤ እኔንም ሳያነሳኝ አይቀርም። አልቀየመውም፣ አዝንለታለሁ እንጂ። ዘበኛ አድርጋችሁ ቅጠሩት፤ ጽዳትም ቢሆን ይሠራል። ፍሬን ግን አታስነኩት። ሁለት ነፍስ ይበቃል።»

ዘጠኝ ጣቱ እንደነገረኝ ከሆነ ወንድሜ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ «በሕዝብ ፊት ልብሱን እንደገፈፉት ሰው ነው የሆነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

«ሻምበል፣ እኔ ነኝ።»

በወዲያኛው በኩል ከሩቅ ልጆች ሲሳሳቁ ይሰማል።

«ወንድሜ…» አለ ሻምበሉ።

«ወንድሜ አትበለኝ። ቅጠሉን ምን አደረግከው?»

ስልኩ ተዘጋ።

ኃላፊዋ ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች ቀረች። «ለምን የለም አሉት?» አላት ወንድሜ። «ሰው ሐቁን የሚያወጣው ሌላው ሳይሰማው ነው ብዬ ነው» አለች። «እኔ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ አውጥቼው ነበር» አላትና ወረቀቱን አጣጥፎ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ወጣ። በኋላ እንገልጽልዎታለን የሚለውን ደረጃው ላይ ሆኖ ሰማው።

ቤት ሲገባ ምሳ ሰዓት አልፏል። ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠና ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረኝ። «ፍሬን አታስነኩት» የሚለው ላይ ሲደርስ አቋርጦ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በዚህ ምድር ላይ ያ መኪና እንዳይወጣ ፊቱ የቆመ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያስፈረምኩህ» አልኩት።

ይምረኛል ብዬ ነው፤ እውነቱን ልናገር። «ተይ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት።

«አውቃለሁ» አለ። «ያን ቀን ዝም ያልኩት ልፈርም እያሰብኩ አልነበረም። አይሆንም የምልበትን ድምፅ እየፈለግሁ ነበር። እያገኘሁት ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሻንጣውንና ሳጥኑን ይዞ ባቡር ጣቢያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየ። ወረቀቱንም ተቀበለኝ።

እኔም አንድ ቀን ሥራዬን ዘግቼ ሻምበሉ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ከፈተችልኝ፤ የማታውቀኝ አይደለችም፣ «ግቢ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ሻምበሉ በነጠላ ጫማ ወጣ፤ ሲያየኝ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«እህቴ፣ እንኳን መጣሽ። ነገሩ እንደ…»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። መኪናው እንዳይወጣ ነግሮህ ነበር?»

«ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል፣ እህቴ…»

«ነግሮህ ነበር?»

በሩን አየ፣ እግሩን አየ። «ነግሮኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«እና ለሴትዮዋ ለምን እንደዚያ አልካት? ልጆችህን አድኖልህ፣ ሥራውን አስጥለኸው፣ አሁን ደግሞ እንጀራውን?»

«አይገባሽም» አለ። ድምፁ እንደ መኮንን መሆኑ ቀርቶ ነበር። «እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ከተቀመጠ፣ ‹የደህንነት ተቆጣጣሪ› ከተባለ፣ የሚናገረውን ሰው ያምነዋል። አሁን ማን ይሰማዋል?»

«እሱ ወድቆ እስከኖረ ድረስ አንተ ቆመሃል ማለት ነው።»

ሚስቱ በሩ ላይ ሆና ሰምታ ነበር። ፊቷን ሳየው እስከዚያች ቀን ምንም እንደማታውቅ ገባኝ። ወጥቼ ስሄድ ከኋላዬ ስሙን ስትጠራው ሰማሁ።

ከአውቶቡስ ድርጅቱ ጥሪ የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ዘጠኝ ጣቱ ስብሰባ ላይ፣ «ወይ ይህ ሰው ይቀጠራል፣ ወይ ሦስተኛውን አውቶቡስ እናንተው ተሳፈሩበት» ብሎ ሙግት ገጥሞ ነበር። ኃላፊዋም መንገድ አበጀች። ወንድሜ ተቀጠረ፤ ግን ተቆጣጣሪ ሆኖ አይደለም፣ ተራ መካኒክ ሆኖ ነው። የቅጥር ደብዳቤው ላይ «በምርመራ ሰነዶች ላይ መፈረም አይፈቀድለትም» የሚል ዐረፍተ ነገር ገብቷል። እስከ መቼ እንደሆነ አልተጻፈም።

«ትቀበለዋለህ?» አልኩት በስልክ።

«መጠገኑን አልከለከሉኝም» አለ።

የተቆጣጣሪነቱን ቦታ ያገኘው ከትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣ ጨዋ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሶቹ መካከል እየዞረ ወንድሜን «ምን ትላለህ፣ ይውጣ?» ይለዋል። ወንድሜ ከሥር ሆኖ «ይውጣ» ወይም «ይቁም» ይላል። ሰውየው ይፈርማል። ዘጠኝ ጣቱ ይህን ሲያወራልኝ፣ «ጆሮው የአንዱ፣ እስክሪብቶው የሌላው፤ ጉድ ነው መቼም» ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ሻምበሉ በዚያው ወር ሻለቃ ሆነ፤ ማዕረጉን ሲቀበል ያዩት ሰዎች ነገሩን።

የሻምበሉን ቤት ነገር ለወንድሜ የነገርኩት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ክፍሉ ድረስ ሄጄ፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኩት። እጁን በሳሙና እየታጠበ ነበር፤ ቆመ።

«‹ነግሮኝ ነበር› አለ?»

«አለ።»

«እስቲ ድገሚልኝ። እንዴት ብሎ ነው ያለው?»

ደገምኩለት። ሦስተኛም አስደገመኝ። ያን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ፎጣውን አንስቶ እጁን አደራረቀና፣ «ይህን ለአጣሪው ትናገሪያለሽ?» አለኝ።

«እናገራለሁ።»

«ያንቺም ነገር ይወጣል እኮ።»

«ይውጣ።»

ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት አንድ ጊዜ አመልክቶ፣ «የተጠቀሰው የመዝገብ ቅጠል ሊገኝ አልቻለም» የሚል ምላሽ ደርሶት ነበር። ሁለተኛውን ማመልከቻ አብረን ጻፍነው፤ ባለቤቴ ተየበልን። የእኔ ቃል በሁለት ገጽ ተያይዟል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ውስጥ የሆነውን፣ ወንድሜን ፈርም ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ሻምበሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ያመነልኝን ጻፍኩ። ስፈርም ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ «አንብበሽዋል? ሁሉንም?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

አመሰግናለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ቤቴ መጥቶ ለመብላት ገና ልቡ አልፈቀደለትም። ልጆቹን ግን ከትምህርት ቤት አንዳንድ ቀን ይወስዳቸዋል። የማመልከቻው መልስ እስካሁን አልመጣም። ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቱታውን ሳያወልቅ፣ ሄዶ የሠራዊቱን መዝገብ ቤት ይጠይቃል።